የማኅበራችን ኮምፒዩተር በሁለት ሲስተም እንዲሠራ ስለ መደረጉ ለአባላት የተሰጠ ማብራሪያ

(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት ሲባል ሙሉው ቃል በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

 

ዛሬ የምንናገረው ስለ ማኅበራችን ኮምፒዩተር ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይኼ የልጆች ጉዳይ ነው፤ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር። ነገር ግን በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው ጨዋታ አይደለም። የያንዳንዳችሁ ወርኃዊ መዋጮ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ለቀብር ስንት ወጣ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ዘንድ ነው፣ ይኼ ሁሉ የተጻፈው እዚያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. የሠራነውን ጥፋት ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን፤ በኋላም ነገሩ እንዴት እንደ ተቃና እናስረዳለን።

ነገሩ ከምን ተነሣ?

ማንኛውም ኮምፒዩተር ብረቱ ብቻውን አይሠራም። ብረቱን የሚያዝ ዋና ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ይህን ባለሙያዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሉታል፤ እኛ ባጭሩ ሲስተም እንበለው። የኛ ማሽን ሲስተም ዊንዶውስ 10 ነው። ዊንዶውስ 10 የወጣው በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ይህ ማለት ማሽኑ በዚያን ቀን ይቆማል ማለት አይደለም። እንደ ወትሮው ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ነገር ግን ሌባ የሚገባበት አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ፣ እንደ ቀድሞው በመደበኛነት የሚደፍንለት የለም ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ወደ ዊንዶውስ 11 አታሳድጉትም?» ያላችሁን አላችሁ። ሞክረናል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከኛው አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የኛ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2015 የተሠራ፣ ሲገዛም አሮጌ የነበረ ነው። «አይሆንም» ብሎ መለሰን።

እንግዲህ በፊታችን አራት መንገድ ነበረ። አንደኛው አዲስ ማሽን መግዛት ነው፤ ለዚህ የተመደበ ገንዘብ የለንም፣ ከለቅሶ ገንዘብ ላይም አንነካም። ሁለተኛው እንዳለ ትቶ በኢንተርኔት መጠቀሙን መቀጠል ነው፤ ይህ መዝገባችሁን በር በሌለው ቤት ማሳደር ነው። ሦስተኛው ዊንዶውስን ጨርሶ አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም መትከል ነው። አራተኛው ሁለቱን ባንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ማኖር ነው። ኮሚቴው የመረጠው አራተኛውን ነው።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991)፣ በኛ አገር መንግሥት በተለወጠበት ዓመት መሆኑ ነው፣ ገና የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሥራውን ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተጋግዘው አሳድገውታል። ውስጡን ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ ነው፤ ለመገልገልም ክፍያ አይጠየቅበትም። እንደ ደቦ ሥራ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ ይባላሉ። እኛ የወሰድነው እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውን ሊኑክስ ሚንት ነው። የመረጥነው መልኩ ከዊንዶውስ ስለሚቀራረብና የሚታወሰው ጉልበት፣ ማለት ራሙ፣ 4 ጊጋባይት ብቻ ለሆነ እንደኛ ላለ አሮጌ ማሽን ቀለል ያለ ዓይነት ስላለው ነው።

«ይኼን ያህል ጥሩ ከሆነ ዊንዶውስን ለምን አታባርሩትም?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶቻችን ቀርቦ ነበር። መልሱ የቆዩ ደብዳቤዎቻችን ናቸው። ማኅበሩ የጻፋቸው ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች ብዙዎቹ የተተየቡት በፓወር ግዕዝ በጥንቱ አጻጻፍ ነው። ያ አጻጻፍ የአማርኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ስንከፍተው «የተከበሩ» የሚለው ቃል ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። ግዕዝ በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈው ግን የትም ቢከፈት ይነበባል። የቆየው ሁሉ ወደ ዩኒኮድ እስኪገለበጥ ድረስ ዊንዶውስ ያስፈልገናል። ለአሮጌው ሥራ ዊንዶውስ፣ ለአዲሱ ሥራና ለኢንተርኔት ሊኑክስ፤ ውሳኔያችን ይኼ ነው።

ሁለት ሲስተም ባንድ ማሽን እንዴት ይኖራል?

አንድ ግቢ አስቡ። በግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ፤ በመካከሉ አጥር አለ፤ የውጭው በር ግን አንድ ነው። ግቢው ዲስኩ ነው። አጥሩ ፓርቲሽን የሚባለው ክፍፍል ነው። አንዱ ቤት ዊንዶውስ፣ ሌላው ሊኑክስ ነው። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ስሙ ግረብ ይባላል። ማሽኑን ስታበሩት ዘበኛው ለ10 ሰከንድ ያህል «ወደ ማን ቤት ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። በቀስቱ መርጣችሁ ኢንተር ስትጫኑ ወደ መረጣችሁት ያስገባችኋል። ዝም ካላችሁት ራሱ ወደ መጀመሪያው ያስገባል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይሠሩም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ማሽኑ መጥፋትና እንደ ገና መነሣት አለበት። ባንድ ጊዜ ሁለቱን የሚያሠራ ሌላ ዘዴ አለ፤ ነገር ግን ሁለቱ ራሙን ስለሚሻሙት ለኛ 4 ጊጋባይት አይሆንም። በኛ መንገድ የሚሠራው ሲስተም የማሽኑን ጉልበት ሁሉ ብቻውን ያገኛል።

የሠራነው ጥፋት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣን። በሰፈር ውስጥ «መዝገቡን ልጆቹ አጠፉት» እየተባለ ይወራል። ልጆቹ አላጠፉትም። ይህን በግልጽ መናገር አለብን፤ የስብሰባው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሊያግዙን የመጡት ሁለቱ ወጣቶች ገና ሲቀመጡ «መጀመሪያ ቅጂ ይወሰድ» ብለው ነበር። እኛ «ቅጂ በፍላሽ አለ፤ ቶሎ በሉ፣ መብራት ሳይጠፋ» አልናቸው። ፍላሹን ግን ከፍተን አላየነውም። ልጆቹ ለአንድ ጉዳይ ወጣ ሲሉ እኛ በስክሪኑ ፊት ቀረን። መትከያው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ሁለት ምርጫ አቀረበ። አንዱ «ኢንስቶል አሎንግሳይድ» ይላል፤ ከዊንዶውስ ጎን ትከል ማለት ነው። ሌላው «ኢሬዝ ዲስክ» ይላል፤ ዲስኩን ደምስስ ማለት ነው። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ላላለፍነው ለኛ ያ እንግሊዝኛ ከባድ ነበር። መጠበቅና መጠየቅ ሲገባን አላደረግነውም። ኢሬዝ የሚለውን ተጫንን። የተጫነው የጸሐፊው እጅ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።

ከዚያም ሁለተኛ ስሕተት ሠራን። ልጆቹ ተመልሰው ሲያዩ ደነገጡ። በዚያው ቅጽበት ማሽኑን አጥፍተን ብንተወው ኖሮ፣ ቴስትዲስክን የመሳሰሉ የጠፋ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች የተወሰነውን ሊያገኙልን ይችሉ ነበር። ምክንያቱም ፋይል ሲደመሰስ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይፋቅም፤ ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ። እኛ ግን «አንዴ ተጀምሯል፣ ይጨረስ» ብለን አስጨረስነው፤ ሁለት ቀንም ሠራንበት። አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጻፈ። በኋላ ሲፈለግ የረባ ነገር አልተገኘም።

ፍላሹ ሲከፈት የመጨረሻው ቅጂ የሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ሆኖ ተገኘ። የቆዩት ደብዳቤዎች ዳኑ። የሰባት ወር መዋጮና ቃለ ጉባኤ ግን የለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው በኛ ደረሰ።

ይኼ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በዚያው ሰሞን ግን አንዲት እናታችን ባለቤታቸው ዐረፉባቸው። የማኅበሩ ደንብ መዋጮው የተሟላ መሆኑን አይቶ ገንዘቡን መስጠት ነው። መዝገቡ የለም። እኛም በለቅሶ ቤት ደረሰኝ ጠየቅናቸው። በዚያ ሐዘን ላይ ሣጥን አስገለበጥናቸው። አንድ ሁለቱ ተገኘ፤ ሌላው አልተገኘም። ኮሚቴው ተነጋግሮ ገንዘቡ ሙሉውን እንዲሰጣቸው አደረገ። በኋላ ጉርዱ ሲታይ አንድም ወር ያላጓደሉ መሆናቸው ታወቀ። እኚህ እናታችን ዛሬ እዚህ መካከላችን አሉ። ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬ ደግሞ በጉባኤው ፊት እንጠይቃለን።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዧ፣ እነዚያው ሁለት ወጣቶችና እኛ ሆነን፣ አሥራ አንድ ምሽት ተቀምጠን ከደረሰኙ ጉርድ ላይ የሰባቱን ወር እንደ ገና ጻፍን። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያመሳክራል። ጉርዱ ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ቀለሙ የለቀቀና ያልተነበበ አለ። ስለዚህ ከሚያዝያ 2017 እስከ ኅዳር 2018 ያለውን ደረሰኝ የያዛችሁ ሁሉ ይዛችሁ መጥታችሁ ከመዝገቡ ጋር እንድታመሳክሩ እናሳስባለን።

ሁለተኛው ሙከራ እንዴት ተደረገ?

የሠራንበትን ቅደም ተከተል አንድ ባንድ እንገልጻለን። በቤታችሁ ለልጆቻችሁ ማሽን ማድረግ ለምትፈልጉም ይጠቅማል።

1ኛ፤ ቅጂ። መዝገቡን በሁለት ፍላሽና በአንድ የውጭ ዲስክ ገለበጥን። ገልብጠን ብቻ አልተውነውም፤ በሌላ ማሽን ከፍተን የመጨረሻውን መስመር አየን፣ የአባላቱን ቁጥር ቆጠርን። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

2ኛ፤ ዊንዶውስ ይቅደም። ዲስኩ ስለ ተደመሰሰ ዊንዶውስ 10ን እንደ ገና ተከልን። ፈቃዱ ከዚያው ማሽን ጋር ቀድሞ የተመዘገበ ስለ ነበረ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ዐወቀው። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ዊንዶውስ ኋላ ከተተከለ በሩን ለራሱ ይይዘዋል፤ ጎረቤቱን ከምርጫው አያስገባም። ሊኑክስ ኋላ ሲገባ ግን ዊንዶውስን ፈልጎ በዘበኛው ዝርዝር ላይ ያሰፍረዋል።

3ኛ፤ የአነሣሡን ዓይነት ማወቅ። ማሽን ሲበራ የሚነሣበት ሁለት መንገድ አለ፤ አሮጌው ባዮስ፣ አዲሱ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ዊንዶውስ በየትኛው እንደ ተተከለ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» በሚለው ገጽ ላይ ይታያል። ሊኑክስም በዚያው መንገድ መተከል አለበት። አንዱ ባሮጌው፣ ሌላው ባዲሱ ከሆነ ዘበኛው አንዱን ቤት ሊያሳያችሁ አይችልም።

4ኛ፤ የቁልፍ ጉዳይ። አንዳንድ ማሽን ዲስኩ ቢትሎከር በሚባል ቁልፍ የተቆለፈ ነው፤ ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል። የአነሣሡ ነገር ሲነካካ ዊንዶውስ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉ አይከፈትም ማለት ነው! ስለዚህ አስቀድማችሁ ቁጥሩን ፈልጋችሁ በወረቀት ጻፉት። የኛ ማሽን አልተቆለፈም፤ ሆኖም አረጋግጠናል።

5ኛ፤ ፈጣን አነሣሥን መዝጋት። ዊንዶውስ 10 «ጠፋሁ» ሲል ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ነገ ቶሎ ለመነሣት ሲል ከፊል እንቅልፍ ይተኛል። እሱ ተኝቶ ሳለ ሊኑክስ ክፍሉ ገብቶ ቢጽፍ ዕቃው ይዘበራረቃል። ስለዚህ በፓወር ኦፕሽን ውስጥ «ፋስት ስታርታፕ» የሚለውን አጠፋነው።

6ኛ፤ ዲስኩን መመርመርና መክፈል። በመጀመሪያ ዲስኩ ብልሽት እንደሌለበት አስመረመርን። ከዚያ «ዲስክ ማኔጅመንት» በሚለው የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ከፈልነው። 500 ጊጋባይት ከሚባለው ዲስክ ለዊንዶውስ 150፣ ለሊኑክስ 100፣ የቀረው ለጋራ ጓዳ ሆነ። የጋራ ጓዳውን ዊንዶውስ በሚያውቀው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ዓይነት አዘጋጀነው፤ ሊኑክስ ይህን ያነባል፣ ይጽፍበታልም። ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን ቤት ውስጡን በራሱ አያይም። ለሊኑክስ የተመደበውን 100 ምንም ሳንጽፍበት ባዶውን ተውነው።

7ኛ፤ ሊኑክሱን ማምጣትና መመርመር። ሊኑክስ ሚንትን ከራሱ ድረ ገጽ አወረድን፤ ወደ 3 ጊጋባይት ይሆናል፣ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። ያልተነካካ መሆኑን የሚያሳይ የአሻራ ቁጥር ከፋይሉ ጋር ይወጣል፤ እሱን አመሳከርን። ይኼ ከንቱ ድካም አይደለም። በየካቲት ወር 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2016) ሰርጎ ገቦች የሚንትን ድረ ገጽ ጥሰው፣ ሰዎች ተንኮል ወደ ተደረገበት ፋይል እንዲመሩ አድርገው ነበር። ከዚያም ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፍነው። ልብ በሉ፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የመዝገቡ ቅጂ ያለበትን ፍላሽ ለዚህ እንዳታውሉት!

8ኛ፤ መብራት። ዲስክ በሚከፈልበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ክፍፍሉ በግማሽ ይቀራል፤ ያለውም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለዚያን ቀን አንድ ዩፒኤስ ተውሰን ሠራን። ያዋሱንን አባል እናመሰግናለን። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልቶ፣ ገመዱንም ሳይነቅሉ መሥራት ነው።

9ኛ፤ ሳይተክሉ መሞከር። ማሽኑን ስናበራ እንደየሥሪቱ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኤስኬፕን ተጭኖ «ከፍላሹ ተነሣ» ማለት ይቻላል። ሚንት ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ብቻ ይሠራል። በዚህ ሁኔታ ኢንተርኔቱ፣ ድምፁና ማተሚያው መሥራታቸውን አየን። ካልሠራ ምንም ሳይነካ መመለስ ይቻላል።

10ኛ፤ መትከል። ሦስት ሰው ሆነን ተቀመጥን። አንዱ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሁለተኛው በአማርኛ ይተረጉማል፣ ሦስተኛው «እሺ» ካላለ ማንም ቁልፍ አይነካም። «አሎንግሳይድ» የሚለውን መረጥን። መትከያው ከመጀመሩ በፊት ምን ሊለውጥ እንደሆነ ዝርዝር ያሳያል። የሚነካው ባዶው 100 ጊጋባይት ብቻ መሆኑን አየን፤ ያኔ «እሺ» ተባለ። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አሥራ አንድ ምሽት ያስከፈለን ነገር ባንድ ሰዓት ውስጥ ያልቅ ነበር።

ከተተከለ በኋላ የገጠመን

አንደኛ፣ ሰዓቱ። በሊኑክስ ሠርተን ወደ ዊንዶውስ ስንመለስ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘነው። በኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩ 9 ብሎ መጻፍ ሲገባው 6 ይላል። መጀመሪያ የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት ልዩነት መስሎን ነበር፤ ያ ግን 6 ሰዓት ነው። ምክንያቱ ይኼ ነው። ዊንዶውስ በማሽኑ ውስጥ ያለችውን ሰዓት የአገር ሰዓት አድርጎ ያነባታል። ሊኑክስ ግን የዓለም አቀፉን ሰዓት ያስቀምጥባታል፤ የኛ አገር ሰዓት ደግሞ ከዚያ በ3 ይቀድማል። በሊኑክስ በኩል በአንድ መስመር ትእዛዝ «አንተም የአገሩን ሰዓት ተጠቀም» ሲባል ተስተካከለ። ቀላል ነገር ነው፤ ካልታወቀ ግን የደረሰኙን ሰዓትና የስብሰባውን ማስታወሻ ያዛባል።

ሁለተኛ፣ በሩ። ዊንዶውስ ትልቅ ማሻሻያ ሲያደርግ አንዳንዴ ራሱን ከፊት ያሰልፍና ዘበኛው የጠፋ ይመስላል። ሊኑክሱ አልጠፋም። በማሽኑ መነሻ ገጽ ላይ ተራውን መመለስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024) ደግሞ ማይክሮሶፍት ያወጣው የደኅንነት ማሻሻያ፣ ሁለት ሲስተም ባላቸው አንዳንድ ማሽኖች ላይ ሊኑክሱ እንዳይነሣ አድርጎ ነበር። ስለዚህ የሚንቱ ፍላሽ አይደመሰስም፤ ከመሣቢያው አይወጣም። የጠፋ በር የሚጠገነው በሱ ነው።

ሦስተኛ፣ አማርኛው። በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ አይቻልም የሚል ወሬ ነበር። ይቻላል። አቢሲኒካ የሚባል ነጻ ፎንት አለ፤ በእንግሊዝኛው ቁልፍ እየነኩ አማርኛ የሚያወጣውን አጻጻፍም በቅንብሩ ውስጥ አክለናል። የመጀመሪያው ሳምንት እጅ ያስቸግራል፤ ከዚያ ይለመዳል። አሁን የምታነቡት ይህ ጽሑፍ የተተየበው በሱ ነው።

ኮሚቴው ያወጣው ደንብ

ሀ) ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። የቆዩ ደብዳቤዎችን ለማየት፣ ለማተምና ወደ ዩኒኮድ ለመገልበጥ ብቻ ይከፈታል።

ለ) መዝገቡ በየሳምንቱ ዓርብ ይገለበጣል። አንዱ ፍላሽ በገንዘብ ያዧ፣ አንዱ በሊቀ መንበሩ ቤት፣ የውጭው ዲስክ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጣል። አንድ ቦታ ላይ እሳት ወይም ሌባ ቢመጣ ሌላው ይተርፋል።

ሐ) የወሩ መዋጮ በወሩ መጨረሻ በወረቀት ታትሞ ይፈረምበታል። የደረሰኝ ጉርድ ማሽን አለ ተብሎ አይጣልም።

መ) የማሽኑ የይለፍ ቃል በሁለት ሰው ይታወቃል፤ በታሸገ ፖስታም በገንዘብ ያዧ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ሰው ቢታመም ማኅበሩ አይቆለፍበትም።

ሠ) የማሽኑን ዲስክ የሚነካ ማንኛውም ሥራ በአንድ ሰው ብቻ አይሠራም። ይህ ጸሐፊውንም ይጨምራል።

በስብሰባው ላይ የተነሡ ጥያቄዎች

«ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ እንዳለ አይሠራም። ይህ ማለት ግን ሊኑክስ ምንም አይነካውም ማለት አይደለም። እሱም ማሻሻያ ይፈልጋል፤ የኛው ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ እንዲያገኝ የታቀደ ነው። ከማያውቁት ሰው የመጣ ፋይል መክፈት ደግሞ በየትኛውም ሲስተም ያስጠቃል።

«አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይበላሻል ወይ?» ተብሎ ተጠይቋል። ዊንዶውሱ ታምሞ አልነሣ ቢል በሊኑክስ ገብቶ ፋይሉን ማውጣት ይቻላል፤ ይህ አንዱ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ግቢው አንድ ነው። ዲስኩ ራሱ ከተቃጠለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሁለት ሲስተም አለን ማለት ሁለት ቅጂ አለን ማለት አይደለም።

«የልጄ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ትሠሩልናላችሁ?» ያሉ እናት ነበሩ። ሁለቱ ወጣቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ይገኛሉ፤ ያግዛሉ። ነገር ግን አንድ ውል አለን። የፎቶውንና የትምህርቱን ፋይል ገልብጦ፣ ቅጂውንም ከፍቶ ያላሳየ ሰው ማሽኑ አይነካም። «እቸኩላለሁ፣ ዝም ብላችሁ ሥሩልኝ» ቢባልም አይሠራም። እኛም አንድ ጊዜ እንደዚያው ብለናቸው ነበር።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አባላት፤ በዚህ ሥራ ማኅበሩ አዲስ ማሽን አልገዛም፤ ያለውን ለተጨማሪ ዓመታት አገልጋይ አድርጓል። ይህ ደኅና ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ይኸን ያዙ። ማሽን ሲታዘዝ አይከራከርም፤ «ደምስስ» ያለውን ይደመስሳል፤ የማን መዋጮ እንደሆነ፣ የማን ለቅሶ እንደሆነ አይጠይቅም። መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። በዚያ ቅዳሜ የጠየቁት ልጆቹ ነበሩ፤ ያልሰማነው እኛ ነን። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በሰፈራችን «ልጆቹ አጠፉት» የሚለው ቃል እንዲቀር፣ በምትኩም ላደረጉት እገዛ ምስጋና እንዲደርሳቸው ጉባኤውን እንጠይቃለን።

ደረሰኞቻችሁን ማምጣት አትርሱ። መዝገቡ የናንተ አደራ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ